ከተቀበሩ በስድሳ አራተኛው ቀን በአካል ስለ ቀረቡት ባለቤቴ

ለክቡር የጦር መሣሪያ ምዝገባና ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ
መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ልደታ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ ቀጥሎም ሦስት ጊዜ በተከፈተው በር አሻግሬ ያየሁትንና አንድም ቀን ሰው ተቀምጦበት ያላገኘሁትን የዚያን ጥቁር ወንበርዎን ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፤ እሱም ከመሥሪያ ቤትዎ ደረጃ ጋር ከተዋወቀ ወዲህ ነው እንጂ ዕድሜዬስ ገና ስድሳ ሦስት ነው።

ኮከቤ ዳዲ እባላለሁ። የጌጃ ሰፈር ነዋሪ ስሆን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ ኖሬ በጡረታ የተገለልሁ ሴት ነኝ። ይህን የምነግርዎ ለመመጻደቅ አይደለም። ከዚህ በታች ስለ መዝገብ የምለውን ረጋ ብለው እንዲያነቡልኝ ብዬ ነው። ስለ ጦር መሣሪያ የማውቀው ነገር የለም፤ መዝገብ ግን አውቃለሁ።

ጉዳዬ ሟቹ ባለቤቴ አቶ ሀብተሥላሴ በሕጋዊ ፈቃድ ይዘውት የነበረውን አንድ ሽጉጥ ይመለከታል። ባለቤቴ የመንገድ ቀያሽ ነበሩ፤ በረሃ ለበረሃ በሚዞሩበት ዘመን መሥሪያ ቤታቸው አስፈቅዶላቸው ነው ሽጉጡን የያዙት፣ በዕድሜያቸውም አንድ ጊዜ ብቻ ተኩሰው ጅብ ስተዋል። ከዚያ በኋላ ሽጉጡ በቁም ሣጥን ውስጥ ከካፖርታቸው ሥር ተኝቶ ኖረ፤ በየዓመቱ ጥር ላይ ወጥቶ፣ ተወልውሎ፣ ከእሳቸው ጋር ወደ እናንተ ዘንድ ለዓመታዊው ምርመራ ይሄዳል። ደንባችሁ ባለፈቃዱ ራሱ በአካል ቀርቦ፣ መሣሪያውን አሳይቶ፣ በመዝገብ ላይ እንዲፈርም ያዛል። እሳቸውም አንድ ዓመት አላጓደሉም፤ ስኳር ሕመሙ እግራቸውን በያዘው ጊዜ እንኳ በልጃችን በእንድርያስ ትከሻ ተደግፈው ቀርበው ፈርመዋል።

ኅዳር 9 ቀን አረፉ፤ በማግስቱ በልደታ ቤተ ክርስቲያን ቀበርናቸው። ሠልስቱ እንደ ወጣ ወንድሜ ባጫ ከድንኳኑ ጥግ ጠርቶኝ፣ ሽጉጡን ዝም ብለን ገጠር ላሉት ዘመዶች እንድንልከው፣ የሞተ ሰው መሣሪያ የሚጠይቅ ማንም እንደሌለ፣ እናንተ ዘንድ መሄድ ማለት የተኛ ነገር መቀስቀስ እንደ ሆነ መከረኝ። እኔም ለቀስተኛ እየሰማ ተቆጣሁት። በሕግ የመጣ በሕግ ይመለሳል፣ እኛ ከመንግሥት የምንደበቅ ሰዎች አይደለንም አልሁት። እንድርያስ አንድ ልጄ ነው፤ እናቴ እንዳለች ይሁን አለ። ባጫ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሣብኝም፤ ይህም ከእኔ የሚሻል ሰው መሆኑን ያሳያል።

እነሆ እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ኅዳር 24 ቀን የሞት ምስክር ወረቀቱን ይዤ ቀርቤ ባለፈቃዱ ማረፋቸውን ባመለከትሁ ጊዜ፣ በመስኮቱ በኩል የሚያስተናግዱት ሰው የሞት ማስታወቂያ የሚቀበሉት ከነመሣሪያው ሲቀርብ ብቻ መሆኑን በትሕትና ገለጹልኝ። እንግዲያው ላምጣዋ ስላቸው፣ መሣሪያን ከቤት ማንቀሳቀስ የሚችለው ባለፈቃዱ ብቻ እንደ ሆነ አስረዱኝ። ታዲያ ባለፈቃዱ ይምጡ ማለትዎ ነው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጥቂት አሰቡና አዎን አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ እየቀለዱ አልነበረም፤ ፊታቸውን አይቼዋለሁ። ለማንም ሳያዳሉ ሟቹንም ቋሚውንም በእኩል ዓይን ስለሚያስተናግዱ ላመሰግናቸው እወዳለሁ።

ሁለተኛ። መሣሪያውን ለማንቀሳቀስ የሚያስችል አንዲት ብጣሽ ደብዳቤ እንዲሰጠኝ ሦስት ጊዜ ለመንሁ። ታኅሣሥ ላይ ዓመታዊ ምርመራ ስለ ደረሰ ጥር ካለፈ በኋላ ተመለሺ ተባልሁ። ጥር ካለፈ በኋላ ስመለስ ሪፖርት እየተሠራ ነው ተባልሁ። የካቲት 12 ቀን እኚያው የመስኮቱ ሰው፣ ትዕግሥታቸውን የጨረስሁባቸው ይመስለኛል፣ "ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ለበሩ እኔ እነግራለሁ፤ ነገ ሦስት ሰዓት ይዛችሁ ኑ" አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያለ ፊርማ አንድ ፋይል ከመደርደሪያ አውርጄ አላውቅም። በዚያን ቀን ግን መመላለሱ ስላደከመኝ በአፍ ቃል አመንሁ። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ በእናንተ ላይ አልጥለውም።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣን። ሰው በተሞላ ታክሲ ውስጥ መሣሪያ ይዞ መሳፈር ነውር ነው ብዬ በእግር እንድንሄድ ያዘዝሁትም እኔው ነኝ። ሽጉጡ ባዶውን በአሮጌ ፎጣ ተጠቅልሎ በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ካርቶኑ በእንድርያስ ብብት ሥር ነበር። እኔ የፈቃዱን ደብተር፣ የሞቱን ምስክር ወረቀት፣ የእድሩን ደብዳቤና በገዛ እጄ የጻፍሁትን የርክክብ ዝርዝር በማኅደር ይዣለሁ። በሩ ላይ ስንደርስ ልጄ ገና ፈታሹ ሳይነካው መሣሪያ እንደ ያዘና ሊያስረክብ እንደ መጣ ተናገረ። ለበሩ የተነገረው አንዳችም ነገር አልነበረም። ፈታሹ ካርቶኑን ከፍቶ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ሌሎች ሮጠው መጡ፤ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው የሆነውን፣ የራሱ የእንጨት ሥራ ቤት ያለውን፣ የሰፈሩን ግማሽ በር የሠራውን ልጄን በደረቱ አስተኙት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ባሳይ የሚያነብልኝ አላገኘሁም። የመስኮቱ ሰው ተጠርተው ወጡ፤ አዩኝ፤ እኚህን ሴት አላውቃቸውም ብለው ተመለሱ። ቢያንስ አንቱ ስላሉኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ። ይህኛው ረዘም ይላል፤ ስለ መዝገብ ነውና ይታገሡኝ። ልጄ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዳኛው የሞቱን ምስክር ወረቀት አገላብጠው አይተው፣ ነገሩ ገብቷቸው፣ ዋስ ጥሩ ሊሉን ጥቂት ነበር የቀራቸው። መርማሪው ግን ከእናንተ መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ይምጣልኝ ብሎ ጠየቀ። ማረጋገጫው በአምስተኛው ቀን መጣ። ደብዳቤውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የወጪ ቁጥሩ በቦታው ነው፣ ቀኑ በቦታው ነው፣ ማኅተሙም ፊርማውን ሳይሸፍን በትክክል አርፏል። በሙያዬ ሳየው እንከን የለውም። ይዘቱ ብቻ እንዲህ ይላል፤ "ባለፈቃዱ አቶ ሀብተሥላሴ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በአካል ቀርበው መሣሪያቸውን አስመርምረው የፈረሙ ሲሆን፣ ስለ መሞታቸው ለጽሕፈት ቤታችን የደረሰ መረጃ የለም።"

ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ በተቀበሩ በስድሳ አራተኛው ቀን እናንተ ዘንድ ቀርበው መፈረማቸውን የሰማሁት በዚህ ደብዳቤ ነው። አርባቸውን አውጥተን፣ ድንኳኑን መልሰን፣ ልብሳቸውን ለነዳያን ሰጥተን ነበር። እስከ እናንተ ድረስ ከመጡ ቤታቸው ብቅ ሳይሉ መመለሳቸው በጣም አሳዝኖኛል። ምን ለብሰው እንደ መጡ ግን ደብዳቤው አይገልጽም።

ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። መጀመሪያ ልጄ የተጠረጠረው ያለ ፈቃድ መሣሪያ ይዞ በመገኘት ነበር። አሁን አባቱ በሕይወት እያሉ የአባቱን መሣሪያ ሰርቆ፣ በዚያም ላይ ሐሰተኛ የሞት ምስክር ወረቀት አዘጋጅቶ በመገልገል ተጠርጥሯል። ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ ተፈቀደ፤ እንደገናም ተፈቀደ። ዛሬ ከታሰረ ሠላሳ ሁለተኛ ቀኑ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፤ እስካሁን የማየው ግን ልጄ ጣቢያ ሲያድር ብቻ ነው።

መዝገቡን ለማየት እንዴት እንደ በቃሁ ልናገር። ከሠራተኞችዎ አንዷ፣ ስሟን እንጀራዋ ነውና አልጽፍም፣ ልጄ ከታሰረ ወዲህ በአራተኛው ጉዞዬ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን ሳሽ አግኝታኝ ወደ ውስጥ አስገባችኝና የጥርን ገጽ ገልጣ አሳየችኝ። አንድ ገጽ ላይ አርባ ስም አለ። አርባውም ስም ፊት "በአካል ቀርቧል" የሚል ተጽፏል፤ ከላይ እስከ ታች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ ያለ አንዲት ዕረፍት። የባለቤቴን ፊርማ ሠላሳ ስምንት ዓመት አውቀዋለሁ፤ ቀያሽ ነበሩና በማስመሪያ የሰመሩት ይመስላል። እዚያ በስማቸው አንጻር ያለው ዶሮ የጫረችው ነገር ነው። ልጅቱ ዓይኗን ከመዝገቡ ላይ ሳታነሣ "እማማ፣ መቶ በመቶ ተመርምሯል የሚል ሪፖርት ተጠየቅን፤ የመጣው ሰው ግማሽ አይሞላም፤ ሁሉንም ሞላነው" አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። እኔ አላለቀስሁም።

በሥራ ዘመኔ የሰነፈ መዝገብ ሠራተኛ አይቻለሁ፣ የሰከረም አይቻለሁ፣ ፋይል ጠፋብኝ ብሎ መደርደሪያ ሥር የደበቀም አይቻለሁ። ያልመጣን ሰው መጣ፣ ያልታየን መሣሪያ ታየ ብሎ ጽፎ፣ በዚያ ጽሑፍ ላይ ማኅተም መትቶ፣ ለፍርድ ቤት የላከ ግን አላየሁም። ለዚህ አዲስ ትምህርት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከእነዚያ ከአርባዎቹ ስንቶቹ በሕይወት እንዳሉ፣ መሣሪያቸውስ በማን እጅ እንዳለ እርስዎ ያውቃሉ ብዬ አልጠይቅም፤ እንደማያውቁ በራሳችሁ መዝገብ ተረጋግጧልና።

አሁን ግልጽ ሆኖልኛል። ባለቤቴ ሞተዋል ብላችሁ ብትጽፉ፣ ጥር ላይ ማን ፈረመ የሚል ጥያቄ ይመጣል። አንዱ ከተጠየቀ አርባው ይጠየቃል፤ አርባው ከተጠየቀ መቶ በመቶው ይፈርሳል። ስለዚህ እናንተ ሐሰተኛ ከምትባሉ ልጄ ሐሰተኛ ይባል። ይህን ያሰቡት እርስዎ ራስዎ ከሆኑ ብልህ ሰው ነዎት። ያሰበ ሰው ሳይኖር እንዲሁ በልማድ የሆነ ከሆነ ግን የባሰ አስጸያፊ ነው።

አራተኛ። አራተኛውን በአክብሮት ለመጻፍ ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ባልደረባዎ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሲያዳምጠኝ ቆይቶ፣ መዝገቡና የምስክር ወረቀቱ ስለ ተጋጩ፣ ቤተሰቡ አመልክቶ መቃብሩ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቢከፈት ነገሩ ቶሎ እንደሚጠራ መከረኝ። ሊረዳኝ ፈልጎ ነው፤ ክፋት አላየሁበትም። ሰው ክፋት ቢያይበት ይሻለው ነበር። የእናንተን ገጽ ላለመሰረዝ የኔን ባል ከአፈር ማውጣት ቀሎት ሲናገር፣ ስንጥሩን ከአፉ አላወጣም። ተነሥቼ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ግድግዳ ይዤ ቆምሁና አስመለሰኝ። ደረጃውን ላበላሸሁበት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ክቡር ሆይ፣ በየቀኑ ለልጄ ስንቅ ይዤ ጣቢያ እሄዳለሁ። ጾም ነውና ሽሮና ጎመን ነው፤ ዘቡ መጀመሪያ እኔን አስቀምሶ ያስገባዋል፤ ሥርዓት ነውና አልከፋም። ሥራ ቤቱ ተዘግቷል፤ ግማሽ የተሠራ በር ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ባለ በሩም ሌላ አናጢ ፈልጓል ይሉኛል። እኔ ግን የሚያመኝ እሱ አይደለም። የዛሬ ሳምንት እንድርያስ በአጥሩ ወዲያ ሆኖ ከስቶና ጢሙ አድጎ ሲያየኝ ቆየና፣ "እማ፣ በሕግ እንሂድ ያልሽው ልክ ነበር" አለኝ። ሰድቦኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ባጫን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ልጄ ዛሬ መጋዙን ይዞ ይውል እንደ ነበር እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፤ እናቱ እንዳታፍር ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ እናንተን በተጸየፍሁበት ልክ ራሴን እጸየፋለሁ።

የምጠይቅዎ ከባድ ነገር አይደለም። ማንም ከሥራ እንዲባረር አልጠይቅም፤ ካሣ አልጠይቅም፤ ሽጉጡንም አልፈልገውም፣ ቀድሞም አልፈለግሁትም። የምጠይቀው ፍርድ ቤቱ በሚቀጥለው ሐሙስ ከመሰየሙ በፊት አንዲት መስመር ጽፈው እንዲልኩ ነው፤ "ባለፈቃዱ ኅዳር 9 ቀን አርፈዋል፤ በጥር 14 ቀን ቀርበዋል ተብሎ የተጻፈው ስሕተት ነው።" ጠቅላላው አሥራ ሦስት ቃል ነው። እጅዎ የማይደርስ እንደ ሆነ እኔ እጽፈዋለሁ፣ እርስዎ ይፈርሙ፤ በሥራ ዘመኔ ለስንት ኃላፊ ጽፌ አስፈርሜአለሁ። ሐሙስ ያለዚያች መስመር ካለፈ ግን ጉዳዩ ወደ ክስ ይሄዳል፤ ልጄም ወደ ማረሚያ ቤት ይሄዳል።

ውድ ጊዜዎን ስለ ወሰድሁብዎ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ በማኅተምዎ ጥራት፣ በሪፖርትዎ ሙላት፣ በወንበርዎም ትዕግሥት ዘወትር እየተደነቅሁ፣ እግዚአብሔር ለእርስዎም የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ሞትዎን በአንድ ጊዜ የሚያምን መሥሪያ ቤት ይስጥዎ ብዬ እየጸለይሁ፣ በትሕትና እጅ የምነሣ፤

ኮከቤ ዳዲ
የአቶ ሀብተሥላሴ ሚስት፤ እኔ እንደማውቀው መበለት፣ እናንተ እንደምትጽፉት ግን ባለ ትዳር

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳለሁ ያስታወስሁት አንድ ነገር አለ። ትናንት እሑድ የእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ነበር። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ አባላቱም የመሥሪያ ቤት ነገር ሲገጥማቸው እኔን ይጠይቃሉ። ስብሰባው ሲበተን ባሏ ጥር ላይ የሞተባት ወይዘሮ ትርንጎ ትልቁን ልጇን ይዛ መጣችና፣ ሟቹ የተዉትን ባለ ፈቃድ ጠመንጃ ምን እንደምታደርገው፣ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደምታስረክበው፣ ልጇ ይዞላት ቢሄድ ይሻል እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። ወንበር ያነሡ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ወንበሩን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። ልጇ የእንድርያስ እኩያ ነው፤ አብረው ነው የተማሩት። ክቡር ሆይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰውን ወደ መሥሪያ ቤት እየመራሁ የኖርሁት እኔ፣ እንዳትሄጂ አልኋት።